ከመድረኩ ሥር ዝም ያልኩበት እሑድ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ፊታቸው እቀመጥና ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም የገደፍኩበትን ቀን አንድ በአንድ እናገራለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ተሻግሬያት አልፋለሁ። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። እንዲህ እያልኩ በየዓመቱ አንድ ኃጢአት ይዤ እየገባሁ ሁለት ይዤ ስወጣ ኖሬአለሁ። እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም። የደፈርኩት ለዚህ ይሆናል።

ወይንሸት እባላለሁ። ሥራዬ ሽማግሌና አሮጊት መጠበቅ ነው። በዚህ በስደት ከተማዬ፣ ዌስትውድ በሚባለው ሰፈር በየቤቱ እየሄድኩ መርሳት የያዛቸውን ሰዎች አበላለሁ፣ አለብሳለሁ፣ የልጆቻቸውን ስም እነግራቸዋለሁ። ይህን የምነግራችሁ ደግ ሴት ናት እንድትሉኝ አይደለም። በኋላ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጠይቀኝ ይኸው ሥራዬ ስለሆነ ነው።

ነገሩ ከሆነ አሥር ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። የዚያን ሰመር ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥፋቴ ሳይሆን ደስታዬ ነው። ይህም ራሱ ያሳፍረኛል። ሰው የበደለበትን ወራት እንዴት ይናፍቃል? እኔ እናፍቀዋለሁ።

ፌርፋክስ በሚባለው፣ የእኛ ሰው በሚሰባሰብበት መንገድ ላይ፣ ከምግብ ቤቶቻችን ጀርባ፣ ድሮ ምንጣፍ ይከማችበት የነበረ ሰፊ መጋዘን ነበር። ባለቤቱ ሊያፈርሰው አስቦ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ባዶውን ተቀምጧል። ጋሼ አምዴ ይህን መጋዘን ለመኑና ተፈቀደላቸው። ጋሼ አምዴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ አሮጌ ቲያትር ቤት ተዋናይ ነበሩ። ቤቱ ኋላ ለመንገድ ሥራ ፈርሷል። እሳቸው ደግሞ እዚህ መጥተው ሆሊውድ አንድ ሆቴል ደጃፍ ላይ የሰው መኪና ሲያቆሙ ኖሩ። ጡረታ እንደ ወጡ አንድ ሐሳብ ያዛቸው፤ ያንን የፈረሰ ቲያትር ቤት እንደ ነበረ አድርጎ ፌርፋክስ ላይ መሥራት፣ ከዚያም በበጋው ወራት የጥንቱን ተውኔቶች እዚያ ውስጥ ማሳየት። ሰውየው አበዱ ተባለ። ትንሽ ቆይተን እኛም አንድ በአንድ እየሄድን አብረን አበድን።

ያንን ቤት በዓይኑ ያየ ሽማግሌ ሁሉ ለምክር ተጠራ። ሁለት ሰው በአንድ ነገር አይስማማም። መጋረጃው ቀይ ነበር ይላል አንዱ፤ የለም፣ የወይን ጠጅ ቀለም ነበር ይላል ሌላው። ወንበር ነበረው፤ የለም፣ አግዳሚ ነበር። በመጋረጃው የተነሣ ሁለት አብሮ አደጎች ተኳርፈው ሰንብተዋል። ሁሉም የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው። አዳራሹ መሐል ላይ የተመልካች ዓይን የሚጋርድ ወፍራም ዓምድ ቆሞ ነበር። ጋሼ አምዴም ዓምዱ ይሠራ አሉ። አናጢያችን ግርማ፣ ቀን ቀን ታክሲ የሚነዳው፣ ምንም ጣሪያ የማይሸከም ዓምድ ለምን እሠራለሁ ብሎ ቢሟገታቸው፣ ከኋላው ተቀምጦ የሚያማርር ሰው ከሌለማ ያ ቤት አይደለም አሉት። ተሠራ። በመጀመሪያው እሑድ ከዓምዱ ኋላ የተቀመጠው ሰው እንደ ድሮው አንገቱን እያሰገገ አማረረ። አንዲት እናት ግን እዚያው ካልተቀመጥኩ ብለው ድርቅ አሉ። ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት ከዚያ ዓምድ ጀርባ ነበርና።

ፓርኪንግ የሚባል ነገር አልነበረንም። ግን ከእኛ ሰው ስንቱ በፓርኪንግ ሥራ እንጀራ የሚበላ ነው? እሑድ እሑድ ወንዶቹ በር ላይ ቆመው ቁልፍ ይቀበሉና የኋላውን ጠባብ መንገድ መኪና በመኪና ያደርጉት ነበር። አንዱ ከሌላው ጣት አያስገባም። ቲያትሩ ሲያልቅ የሁሉንም መኪና በየተራው ያወጣሉ፤ አንድም ቀን አንድ መኪና ተጭሮ አያውቅም። ኤሲም አልነበረንም። ሴቱ በነጠላው ጫፍ፣ ወንዱ በባርኔጣው እያራገበ ቀትር ተሻግሮ ከመጣው ሙቀት ጋር ይታገላል። ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ የመጣው ሁሉ ነጭ ለብሷል። ከመድረኩ ሲታይ ቤቱ በሙሉ ነጭ ነበር። ዛሬ እንኳ ፌርፋክስ ላይ ሁለት የእኛ ሰዎች ከተገናኙ የዚያን ሰመር ነገር ሳያነሡ አይለያዩም። ያን ጊዜ ሁላችንም ሌላ ሰው ነበርን፤ የሰው መኪና አቋሚው ደጃዝማች፣ የምግብ ቤት አስተናጋጇ ወይዘሮ ነበረች።

እኔስ? እኔ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። በዚያ በፈረሰው ቤት ከመድረኩ ጫፍ፣ መሐል ላይ፣ ሰው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ነበር አሉ። በተመልካቹ በኩል በቆርቆሮ ክዳን ይጋረዳል፣ በተዋናዩ በኩል ክፍት ነው። እዚያ ውስጥ ጽሑፉን የያዘ ሰው ይቀመጥና ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ከታች ሹክ ይለዋል። አስታዋሽ ይሉታል። ጋሼ አምዴ ያለ አስታዋሽ መድረክ አልወጣም አሉ። ግርማ ወለሉን ቆርጦ ጉድጓዱን ሠራ፤ እኔ ገባሁበት። ዳዊት ስለምደግም ንባቤ ፈጣን ነው። ድምፄም ቀጭን ነው፤ ሹክ ስል ለመድረኩ ይሰማል፣ ለፊተኛው ወንበር አይሰማም።

ልምምድ ላይ ጋሼ አምዴ የጉድጓዱን ሥርዓት አስተማሩኝ። ተዋናይ ዝም ሲል ረስቶ ነው ወይስ እየተወነ ነው? ይህን ሳታውቂ ቃል ከወረወርሽ ጨዋታውን ታበላሺዋለሽ አሉኝ። ስለዚህ እያንዳንዱ ተዋናይ የራሱ ምልክት ነበረው። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንዷ ጣቷን ትቆጥራለች። የጋሼ አምዴ ምልክት ጋቢያቸው ነበር። ሳይወርድ መልሰው ወደ ትከሻቸው ሳብ ካደረጉት "ስጪኝ" ማለት ነው። ተመልካቹ ለሞገስ ያደረጉት ይመስለዋል። እኔ የስንኙን መነሻ ሹክ እላለሁ፣ እሳቸው ከእጄ ወስደው ይቀጥላሉ። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሁሉም ይረሳ ነበር። ከጋሼ አምዴ ይልቅ ወጣቶቹ ይረሱ ነበር። መርሳት በሽታ ቢሆን ኖሮ ያ መድረክ ሆስፒታል በሆነ ነበር።

ያንን ጉድጓድ እወደው ነበር። ከታች ሆኜ የማየው የሰው እግርና አገጭ ብቻ ነው። ከኋላዬ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲስቅ ሳንቃው ጀርባዬ ላይ ይነዝራል። ለማንም አልታይም፣ ግን ያለ እኔ አንድ ስንኝ አይሄድም። በሕይወቴ እንደዚያ አስፈላጊ ሆኜ አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ መሆኔ ትንሽ ያሳብጠኝ ነበር። ከዚያች እብጠት ነው ነገሩ የተነሣው።

የሰመሩ የመጨረሻ ተውኔት ልጁን ሩቅ አገር ስለሚድር አባት ነበር። አባትየውን የሚጫወቱት ጋሼ አምዴ ናቸው። መደምደሚያው ላይ ልጅቱ እግሩ ሥር ትንበረከክና አባት በግጥም ይመርቃታል። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ምርቃት ከሰማ ቲያትር ነው ብሎ ዝም አይልም። እጁን ዘርግቶ "አሜን" ይላል። ጋሼ አምዴም ይህን ስለሚያውቁ በየሁለቱ ስንኝ ትንፋሽ ይሰጡታል። መጋዘኑ በአንድ አፍ "አሜን" ሲል የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔን አባቴ አልመረቀኝም። ስመጣ ተኳርፈን ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴ ሳይስተካከል፣ ልሂድ ብል መመለሻ በሌለኝ ጊዜ ሞተ። ያንን ምርቃት መጀመሪያ ባነበብኩ ቀን አልቅሻለሁ። የልጅቱን ቦታ ፈለግሁት። ተዋናይ ልባል ብዬ አልነበረም፤ ጋሼ አምዴ እግር ሥር ተንበርክኬ፣ ያ ሁሉ ሰው አሜን እያለልኝ፣ አንድ ጊዜ መመረቅ ፈልጌ ነው። ይህን ብቻቸውን አግኝቼ ልነግራቸው ይገባ ነበር። እኔ ግን ልምምድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ እንደ ቀልድ አድርጌ የልጅቱን ቦታ ለእኔ ስጡኝ አልኳቸው።

ጋሼ አምዴ ተረበኛ ናቸው። "ወይንዬ፣ ተንበርክከሽ ማን ሊያነሣሽ ነው? ክሬን እናምጣ?" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጉልበቴ በእርግጥ ያመኝ ነበር፤ የልጅቱም ዕድሜ ከእኔ በግማሽ ያነሰ ነው። ምን አጠፉ? ምንም። የልቤን ሳልነግራቸው የልቤን እንዲያውቁ ፈለግሁባቸው። ቦታው ለፌቨን ተሰጠ። ፌቨን ዲቪ ደርሷት በቅርቡ የመጣች፣ ኮሪያታውን በሚባል ሰፈር ከሦስት ልጆች ጋር አንድ አፓርታማ የምትጋራ ልጅ ናት። ጋሼ አምዴን "አንተ" ነበር የምትላቸው፤ ይህም ይከነክነኝ ነበር። ግን ጎበዝ ነበረች። ከእኔ ትሻል ነበር፤ ይህንንም ዛሬ ነው የምጽፈው።

አሁን ወደ ሶስና ልምጣ። ሶስና የጋሼ አምዴ አንዲት ልጅ ናት፣ ዳላስ ትኖራለች። ጋሼ አምዴ እዚህ ብቻቸውን ነበሩ፣ ከፌርፋክስ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ። የዚያን ዓመት ድስት እሳት ላይ ጥደው ግጥም ሲያጠኑ ረሱትና ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ፤ እሳት አደጋ መጣ። ሶስና ደነገጠች። አባዬ ሜሞሪው እየሄደ ነው፣ ወደ እኔ ይምጣ አለች። እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። በስልክ ሲጨቃጨቁ ከረሙና በመጨረሻ ተስማሙ። መጥተሽ እይኝ አሏት። ሙሉ ተውኔት በግጥም ይዞ የሚቆም ሰው አእምሮው ሄዷል ካልሽ ትወስጂኛለሽ፤ ካልሆነ ግን ሁለተኛ ይህን ነገር አታነሺም። ይህን ስምምነት ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔም አውቀው ነበር። አላወቅሁም የምልበት ቀዳዳ የለኝም።

ሶስና መጣችና በዚያ እሑድ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋሼ አምዴ የዚያን ቀን እንደ ተወለዱበት ተጫወቱ። ሰው አሥቀው አስለቀሱ። እኔ እንደ ወትሮው ጣቴን ስንኙ ላይ አድርጌ አብሬያቸው እወርዳለሁ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አንድም ጊዜ አልፈለጉኝም። አንድም ጊዜ። ይህ ራሱ ሳያበሳጨኝ አልቀረም።

ፌቨን ተንበረከከች። ጋሼ አምዴ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

"በሄድሽበት አገር ውሃው ይጣፍጥሽ፣
የማያውቅሽ ሁሉ እንደ እናት ይወቅሽ።"

"አሜን!" አለ ቤቱ።

ከዚያ ጋሼ አምዴ ቀና ብለው ወደ ሶስና ተመለከቱ መሰለኝ። ልጃቸው እንባዋን ስትጠርግ አይተው ይሆናል፤ አባት ናቸው። ስንኙ ጠፋቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ።

"ከእኔ የጎደለው ባንቺ ቤት ይሙላ፣ እጅሽ የዘራውን የልጅ ልጅሽ ይብላ።" ቀጣዩ ይህ ነበር። "ከእኔ የጎደለው" ብል በቂ ነው። ሁለት ቃል። ጣቴ ስንኙ ላይ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አላልኩትም። ትንሽ ይቆዩ አልኩ በልቤ። ያለ እኔ የት እንደሚቆሙ ይወቁት። አንዴ ይጨነቁ፣ ከዚያ እሰጣቸዋለሁ።

ጋቢውን ደግመው ሳቡት። ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው አዩኝ። እኔ ወረቀቱን አየሁ። ዓይናቸውን ካየሁ እንደምሰጣቸው አውቄ ነው ወረቀቱን ያየሁት። ቤቱ በሙሉ እጁን እንደ ዘረጋ ምርቃቱን ይጠብቃል። ስንቱን አብልቼ አጠጥቼ፣ ስንቱን ስሙን አስታውሼ፣ ሁለት ቃል ለእኚህ ሰው ነፈግሁ። ያኔ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ያልተባለውን ምርቃት "አሜን" አሉ፤ ሊረዷቸው ብለው። ሌላውም ተከተለ። "አሜን፣ አሜን" አለ ቤቱ ለባዶ። ፌቨን ብልጥ ልጅ ናት፤ ጉልበታቸውን ስማ ተነሣችና አቀፈቻቸው። መጋረጃው ተዘጋ።

ለራሴ ብዙ ነገር ብዬዋለሁ። ደንግጬ ነበር፣ ገጹ ተገለበጠብኝ፣ ሹክ ብዬ አልወጣልኝም ይሆናል። ውሸት ነው። ጤነኛ ነበርኩ፣ ገጹም ቦታው ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ቅናት ነው፣ የሰው ድካም ነው ልል እችል ነበር። አላበቃም።

ከመጋረጃው ኋላ ልብስ የምንለውጥባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ስገባ ሶስና ታለቅሳለች። "አባዬ፣ ኢናፍ" ትላለች። "አየሁት እኮ። ስንኙ ጠፋህ። ፕሊስ፣ ሶ አብረን እንሂድ።" ጋሼ አምዴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አልተቆጡም። ረጋ ብለው፣ ተዋናይ ይረሳል ልጄ፣ ሰው ከታች የሚቀመጠውም ለዚህ ነው አሏት። ደንብ አለን። ጠይቄያለሁ፣ አልተሰጠኝም። አእምሮዬ ሄዶ ቢሆን ኖሮ መጠየቁንም እረሳው ነበር። ወይንሸትን ጠይቂያት አሉ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሶስና እንባዋን ጠርጋ መጣችና እጄን ያዘች። "እትዬ ወይንሸት፣ አንቺ እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ኬር የምታደርጊ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ። ሰጥተሽዋል?"

እውነቱ አንዲት ቃል ነበረች። "አልሰጠሁም" ብል ትንሽ አፍር ነበር። ሰዎቹ ለምን ይሉኝ ነበር፣ ጋሼ አምዴም ይቆጡኝ ነበር። ከዚያስ? ከዚያ እሳቸው ቤታቸው ይገቡ ነበር፣ ሶስና ዳላስ ትመለስ ነበር፣ በሚቀጥለው እሑድ እኔ ጉድጓዴ ውስጥ እገባ ነበር። ያቺን ትንሽ እፍረት ፈራኋት።

"ሰጥቻቸዋለሁ" አልኩ። "ሁለት ጊዜ። አልሰሙኝም።"

ሶስና ይህ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። መርሳት ሲጀምር እንዲህ ነው አልኳት። በዚያ በሥራዬ ድምፅ፣ ለቤተሰብ በምናገርበት ለስላሳ ድምፅ ነው ያልኩት። እኔ መርሳት የያዘውን ሰው አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ አብሬው እውላለሁ። ጋሼ አምዴ እንዳልያዛቸው ከማንም በላይ አውቅ ነበር። በማውቀው ነገር ነው የዋሸሁት።

ጋሼ አምዴ ቀና ብለው አዩኝ። እንዲጠራጠሩኝ ጠበቅሁ። ዋሽታለች ይላሉ አልኩ። እሳቸው ግን አመኑኝ። ውሸት አትናገርም ብለው አመኑኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

"ወይንሸት ብላ እኔ ካልሰማሁ፣ እንግዲያው አብቅቻለሁ" አሉ። ጋቢያቸውን አውልቀው አጣጠፉና ወንበሩ ላይ አኖሩት። "እሺ ልጄ፣ እንሂድ" አሏት።

በዚያው ሳምንት ሄዱ። ሲሸኙ እኔም ኤርፖርት ነበርኩ፤ ሻንጣቸውን የጎተትኩት እኔ ነኝ። ጉንጬን ስመው፣ በራስሽ እንኳ አትዘኚ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም አሉኝ። ይህን ይዤ ቆሜ እጄን አወዛወዝኩላቸው። የቀሩት እሑዶች ተሰረዙ፤ ያለ እሳቸው ማን ይሞክረዋል? ባለቤቱም ፈቃዱን አገኘና ከጥቂት ወራት በኋላ መጋዘኑን ከነዓምዱ አፈረሰው። ሁላችንም ተሰብስበን ቆመን አየን። ግርማ አንድ ሳንቃ ለማስታወሻ ወሰደ። እኔ ምንም አልወሰድኩም።

ጋሼ አምዴ በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ይደውሉልኝ ነበር። የሁሉንም ጤና በስም እየጠሩ ይጠይቃሉ፤ ፌቨን አገባች ወይ፣ የግርማ ወገብ ተሻለው ወይ። አንድም ስም ስተው አያውቁም። ስልኩን በያዝኩ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። መልካም በዓል ብዬ እዘጋለሁ። ያች እሑድ አንድ ዝምታ ናት ብትሉኝ ስንት በዓል አለፈ? በየበዓሉ ደግሜ ነፍጌያቸዋለሁ። ጋቢ ሳይስቡ፣ ምልክት ሳያሳዩ ነፍጌያቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ሶስና ደወለችልኝ። አባዬ አረፈ አለች። በእንቅልፉ ነው፣ ሳይሠቃይ። ብዙ አለቀስን። ከዚያ ስለ መጨረሻ ዓመታቸው ስታወራኝ ሳቀችና እንዲህ አለችኝ፦

"ታውቂያለሽ፣ ዶክተሩ ሁሌ ሜሞሪህ ፐርፌክት ነው ይለው ነበር። እዚህ ከመጣ በኋላ አንድ ነገር ረስቶ አያውቅም፤ ያንን ተውኔት ከላይ እስከ ታች ለልጆቼ ይልላቸው ነበር። ጆሮውም ኦኬ ነበር፣ ቼክ አስደረግነው። እሱ ግን አላመነም። ከፋርማሲ የጆሮ መስሚያ ገዝቶ አደረገ። 'አንድ ጊዜ ቃል አምልጦኛል፣ ሁለተኛ አያመልጠኝም' ይል ነበር። እኛ እንስቅበት ነበር።"

ከዚያ አመሰገነችኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ስለነገርሽኝ ታንክ ዩ፣ ባትነግሪኝ ኖሮ ብቻውን ይሞት ነበር አለችኝ።

እኔ ያን ቀን ሥራ ቦታ ነበርኩ። የምጠብቃቸው አሮጊት ማን ነው የደወለው ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ወዲያው ረሱት። እኔ አልረሳሁም።

ምን ልበል? ሶስና ደስ ብሏት ኖራለች ብዬ ልጽናና? ልጆቿ አያታቸውን አወቁ፣ ምርቃቱንም ሰሙ ልበል? እውነት ነው፣ ይህ ሁሉ ሆኗል። ግን ይህን ያደረገው የእሳቸው ደግነት ነው፣ የእኔ ውሸት አይደለም። እኔ ያደረግሁት ይህ ነው፦ አንድ ደህና ሰው በገዛ ራሱ ላይ እንዳይተማመን አደረግሁት። ቤቱን፣ መድረኩን፣ እሑዱን ወሰድኩበት። ከእሳቸውም አልፎ የሁላችንንም የአንድ ሰመር ደስታ አጎደልኩ። ለምን? ሰው ስለሳቀብኝ። አባቴ ስላልመረቀኝ። ይህ ምክንያት ነው እንጂ ማመኻኛ አይሆነኝም። ምርቃቴን የነፈገኝ አባቴ ነው እንጂ ጋሼ አምዴ አይደሉም።

ይህን ጽሑፍ ዛሬ ጠዋት ለሶስና ልኬላታለሁ። ከእናንተ ቀድማ ማንበብ የሚገባት እሷ ናት። እስካሁን አልደወለችም። ብትደውል አነሣለሁ፤ የምትለውን ሁሉ እሰማለሁ። ባትደውልም መብቷ ነው፤ ይቅር በይኝ ብዬም አልጽፍላትም፣ ይቅርታዋን ከእሷ ላይ ቶሎ ለመውሰድ የቸኮልኩ እንዳይመስልብኝ። በመጪው ሁዳዴ ደግሞ ንስሐ አባቴ "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ አለ እላቸዋለሁ።

የቀረኝ አንድ ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ አይሰሙኝም። ቢሆንም ልበለው።

ጋሼ፣ አልሰጠሁዎትም። ጠይቀውኛል፣ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል፣ አልሰጠሁዎትም። ጆሮዎ ደህና ነበር።